ዝም ያለው ቫልቭ፦ በቢቸናና በሞጣ ከፍታ የባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌትን የቫልቭ ክፍተት ስለ መለካትና ስለ ማስተካከል

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በግንደ ወይንና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ የምሥራቅ ጎጃምን ደጋ የሚያገናኝ ቢሆንም፣ አብዛኛው ገበሬ የሚኖረው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ባሉት ቀበሌዎች ነው። ወደነዚያ ቀበሌዎች የክትባት ሣጥን ጭኖ የሚሄደው የጤና ባለሙያ፣ ከማሳ ወደ ማሳ የሚዞረው የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ ከገበያ ውሎ የሚመለሰው ነጋዴ፣ አንዳንድ ጊዜም በአስቸኳይ ጤና ጣቢያ መድረስ ያለበት ሕመምተኛ የሚተማመኑት በሞተር ብስክሌት ነው። ሞተሩ ጠዋት አልነሣም ሲል የሚስተጓጎለው የአንድ ሰው መንገድ ብቻ አይደለም፤ በበረዶ የታሸገው ክትባትም ሆነ የታመመው ሰው አይጠብቁም።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ከጥገና ሥራዎች ሁሉ ትንሽ የሚመስለውን፣ በመሣሪያም ሆነ በጊዜ ረገድ ብዙ የማይጠይቀውን የቫልቭ ክፍተት ማስተካከልን ነው። መነሻ ሐሳቡም የሚከተለው ነው፦ ባለንብረቱ ሞተሩን ወደ ጋራዥ የሚያመጣው ቫልቩ ሲንኳኳ ነው፤ የሚቃጠለው ግን የሚንኳኳው ሳይሆን ዝም ያለው ቫልቭ ነው። ስለዚህ ጆሮን ብቻ ተከትሎ የሚደረግ ማስተካከል ከሁለቱ ጉዳቶች ቀላሉን አስወግዶ ከባዱን ሊያመጣ ይችላል። በከፍታ ቦታ ደግሞ የዚህ ስሕተት ምልክት ከሌሎች ጉድለቶች ጋር ስለሚመሳሰል ምርመራው ይበልጥ ይወሳሰባል።

ቫልቭ የማስተካከል ሥራ በገጠር መስክ ከባለ አራት ምት ሞተር ጋር የመጣ ነው ማለት ይቻላል። በመስክ ሥራ የታወቁት ያማሃ አጂ 100 እና ዲቲ 125 ባለ ሁለት ምት ናቸው፤ በእነርሱ ጋዙ የሚገባውና የሚወጣው በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ በተከፈቱ መስኮቶች ስለሆነ ከሮከር ሥር የሚስተካከል ቫልቭ የለም። ካንዴላ ማጽዳት፣ ካርቡራተር ማጠብና ማርሚታ መጥረግ የሚችል ሰው አብዛኛውን ችግር ይፈታ ነበር። ዛሬ በብዛት የሚታዩት የሕንድ ሥሪት የሆኑት ባጃጅና ቲቪኤስ ግን በባለ አራት ምት ሞተር የሚሠሩ ናቸው። ከቻይና ሥሪቶችም ብዙዎቹ መሠረታቸው ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያቀረበው ሲጂ 125 ነው፤ ይህም ኒኮላውስ ኦቶ የአራት ምቱን ሞተር ሠርቶ ካሳየበት ከ1876 ልክ መቶ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሞተሩ ተለውጦ የጥገናው ልማድ ባይለወጥ፣ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ሁልጊዜ ካርቡራተሩ ይሆናል።

ክፍተቱ ለምን ተተወ? ለምንስ ይጠባል?

በአራቱ ምቶች፣ ማለትም በመሳብ፣ በመጭመቅ፣ በማቃጠልና በማስወጣት ጊዜ፣ ክራንክሻፍቱ ሁለት ዙር ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ዙር ይዞራል። በመሆኑም በደቂቃ 6,000 ዙር የሚዞር ሞተር እያንዳንዱን ቫልቭ በደቂቃ 3,000 ጊዜ፣ በሴኮንድም 50 ጊዜ ይከፍታል። ቫልቩን የሚከፍተው ሮከሩ ነው፤ የሚዘጋው ግን ሞላው ነው። ሞላው ቫልቩን መቀመጫው ላይ አጥብቆ ሊያሳርፈው የሚችለው ሮከሩ ሙሉ በሙሉ ሲለቀው ብቻ ነው። ለዚህ ሲባል በማስተካከያው ብሎን ጫፍና በቫልቩ ዘንግ ራስ መካከል ጥቂት ባዶ ቦታ ይተዋል። መጠኑ በየሞተሩ ይለያያል፤ ለሆንዳ ሲጂ 125 ሁለቱም ቫልቮች 0.08 ሚሊ ሜትር፣ ለባጃጅ ፐልሳር 150 አስገቢው 0.05፣ አስወጪው 0.10 ሚሊ ሜትር ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት ያህል መሆኑ ነው። የአንዱን ሞተር ቁጥር ለሌላው መስጠት ስለማይገባ፣ ከሥራው በፊት የዚያው ሞተር መመሪያ መታየት አለበት።

ክፍተቱ የሚያስፈልገው ብረት ሲግል ስለሚረዝም ነው። ነገሩን በግምታዊ ስሌት ማየት ይቻላል። 70 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የአስወጪ ቫልቭ አማካይ ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ቢጨምር፣ እንዲህ ያለው ብረት በአንድ ዲግሪ ከሚሊዮን 17 ያህል ስለሚረዝም፣ የ0.24 ሚሊ ሜትር ጭማሪ ያሳያል። ቫልቩን የያዘው የአሉሚኒየም ቴስታታ ደግሞ ቅዝቃዜ ስለሚያገኝ ሙቀቱ በ120 ዲግሪ ብቻ ጨመረ ብንል፣ አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ ከሚሊዮን 23 ያህል ስለሚረዝም በተመሳሳይ ርዝመት 0.19 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ልዩነቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። ሲቀዘቅዝ 0.10 ሆኖ የተስተካከለው ክፍተት ሞተሩ በሥራ ላይ ሲሆን ወደ 0.05 ይወርዳል ማለት ነው። በቀዝቃዛው 0.03 ብቻ ቀርቶት ከነበረ ግን ሲግል ክፍተቱ ያልቃል፤ ቫልቩም መቀመጫውን ሳይነካ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

የአስወጪው ቫልቭ ራስ በሥራ ላይ ከ600 እስከ 800 ዲግሪ ድረስ ይግላል። ከዚህ ሙቀት አብዛኛው የሚወጣው ቫልቩ ተዘግቶ ባለበት ጊዜ በመቀመጫው በኩል ወደ ቴስታታው ነው። መቀመጫውን ያልነካ ቫልቭ ይህን መውጫ ያጣል። በቀረችው ስስ ቀዳዳም የሚነድ ጋዝ በኃይል ይሾልካል፤ የቫልቩን ጠርዝ ይቆርጣል፣ መቀመጫውን ይበላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከውጭ የሚሰማ ድምፅ የለም፤ እንዲያውም ሞተሩ ከቀድሞው ይልቅ ጸጥ ብሎ ይሠራል። በአንጻሩ ክፍተቱ ከልክ በላይ የሰፋ ቫልቭ ይንኳኳል፣ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ቀድሞ ይዘጋል፣ ጥቂት ጉልበት ይቀንሳል፤ ለረጅም ጊዜ ከተተወም ብሎኑንና የዘንጉን ራስ ይቀጠቅጣል። ጉዳት አለው፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ የሚመጣና ራሱን የሚያሳውቅ ጉዳት ነው።

ክፍተቱ በአገልግሎት ዘመን የሚለወጠው በሁለት ተቃራኒ መንገዶች ነው። ሮከሩ፣ የካምሻፍቱ ጉብታና የብሎኑ ጫፍ ሲበሉ ክፍተቱ ይሰፋል። የቫልቩ ፊትና መቀመጫው ሲበሉ ደግሞ ቫልቩ ወደ ቴስታታው ጠልቆ ይገባል፤ የዘንጉ ራስ ወደ ሮከሩ ይጠጋል፣ ክፍተቱም ይጠባል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚፈጥን የሚወስነው የሞተሩ አያያዝ ነው። በበጋ በደረቀው የዋልካ መሬት ላይ ከፊት ከሚሄደው መኪና አቧራ ኋላ የሚነዳ፣ የአየር ማጣሪያው የተቀደደ ወይም በሚገባ ያልገጠመ ሞተር ብስክሌት ደቃቅ አፈር ወደ ሲሊንደሩ ይስባል። ይህ አፈር ከአስገቢው ቫልቭና ከመቀመጫው መካከል እንደ ወፍጮ እየገባ ይፈጫል። ዘይቱ በጊዜው ያልተለወጠ ሞተር ደግሞ ከላይ ያሉትን ክፍሎች ይበላል። ሁለቱም በአንድ ሞተር ላይ ሊደርሱ ይችላሉና፣ «አሮጌ ሞተር ቫልቩ ይላላል» የሚለው ግምት በምንም መንገድ አስተማማኝ አይደለም።

የከፍታው ድርሻ

ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉ ብቻ ነው፤ 101 ኪሎ ፓስካል የነበረው ወደ 75 ይወርዳል። ሞተሩ በአንድ ስበት የሚያገኘው አየር በዚያው መጠን ያነሰ ነው፤ ተራ ካርቡራተር ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ውሑዱ ቤንዚን ይበዛበታል። ጉልበት ያንሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ በሌሊቱ ብርድ ያደረ ሞተርም ጠዋት በእምቢታ ይነሣል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የጠበበ ቫልቭም ምልክቱ ይኸው ነው፤ ጉልበት ማነስና ጠዋት አለመነሣት። መጭመቂያው ላይ አየር የሚያሾልክ ሞተር፣ ከመነሻውም አየሩ ስስ በሆነበት አገር፣ ለመነሣት የሚያስፈልገውን ግፊት ለማግኘት ይቸገራል። ባለሙያው ካንዴላውን ነቅሎ ጥቁር ሆኖ ሲያገኘው ካርቡራተሩን መጠርጠሩ አይገርምም፤ ይፈታዋል፣ ያጥበዋል፣ የአየር ብሎኑን ያዞራል፣ ሚኒሞውን ከፍ ያደርጋል። ሞተሩ ሚኒሞው ከፍ ስላለ ብቻ ለጥቂት ቀናት ይሠራል። ቫልቩ ግን መቃጠሉን አላቆመም።

ሁለቱን መለየት የሚቻልባቸው መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። በከፍታ ምክንያት ቤንዚን የበዛበት ሞተር ከጋለ በኋላም ሚኒሞው ላይ ይቆማል፤ ቫልቩ የጠበበበት ግን ቀዝቃዛ ሳለ ለጊዜው ሠርቶ እየጋለ ሲሄድ ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። ምክንያቱ ከላይ የተሰላው መርዘም ነው። ሁለተኛው መንገድ ራሱ የአገሩ አቀማመጥ የሰጠው ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ ነጂ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስለሚቀንስ፣ ጤነኛ ሞተር ከሸለቆው ሥር ጉልበቱ ሲመለስ ይታወቀዋል። የሚያሾልክ ቫልቭ ያለው ሞተር ግን አየሩ ቢወፍርለትም ያን ያህል አያገግምም፤ ሽቅብ ሲመለስም ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀራል።

ሦስተኛውና እርግጠኛው የመጭመቂያ ግፊት መለኪያ ነው፤ ይሁን እንጂ እርሱም በከፍታ ቦታ ካልታረመ ያሳስታል። መመሪያው 12 ባር የሚል ከሆነ፣ ይህ ቁጥር ለባሕር ወለል የተሰጠ ነው። ተመሳሳይ ጤነኛ ሞተር በቢቸና ሲለካ መለኪያው ሊያሳይ የሚችለው ወደ 9 ባር ነው። የከተማውን ከፍታ ያላሰበ ባለሙያ ደኅናውን ሞተር «ፋሻው አልቋል» ብሎ ሊያስፈታው ይችላል። የባለንብረቱ ወጪ ያለ ምክንያት ይባክናል ማለት ነው። ከ9 በጣም ዝቅ ብሎ ከተገኘ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ይጠቅማል። ዘይቱ በፒስተኑ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ለጊዜው ስለሚደፍን ቁጥሩ ከፍ ካለ ጉድለቱ የፋሻው ነው፤ ባለበት ከቆመ ግን ቫልቩ ላይ ማተኮር ይገባል።

ቀዝቃዛ ሞተር ሲባል

መመሪያዎች ሁሉ ክፍተቱ የሚለካው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ይላሉ። ይህን መመሪያ በተግባር ማክበር ቀላል አይደለም፤ ባለንብረቱ በገበያ ቀን ከሩቅ ቀበሌ ነድቶ ይመጣና ሻይ ጠጥቶ እስኪመለስ ሥራው እንዲያልቅለት ይፈልጋል። ነገር ግን ይህ ጥድፊያ ወዴት እንደሚያመራ ማስላት ይቻላል። ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ቆይቶ የቫልቩ ሙቀት ወደ ቴስታታው ሙቀት ይጠጋል። ሁለቱም ከአካባቢው አየር በ80 ዲግሪ ቢበልጡ፣ አሉሚኒየሙ ከብረቱ ይልቅ ስለሚረዝም ክፍተቱ ከቀዝቃዛው በ0.03 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፍቶ ይታያል። ባለሙያው ይህን ሰፊ ክፍተት አይቶ ወደ 0.10 ቢያጠበው፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ትክክለኛው ክፍተት 0.07 ይሆናል፤ ነጂው ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ወደ 0.02 ይወርዳል። መጠባበቂያው ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው። አስገቢውን በ0.05 ያስተካከለ እንደሆነም የሚቀረው 0.02 ነው።

ቁጥሮቹ ለአንድ ምሳሌ የተወሰዱ እንደ መሆናቸው በየሞተሩ ይለያያሉ፤ ካምሻፍቱ ከታች ሆኖ በረጅም ዘንግ በሚገፋው በሲጂ 125 ዓይነት ሞተር የሲሊንደሩም መርዘም ስለሚጨመር ስሌቱ ሌላ ነው። ዋናው ጉዳይ ግን ለብ ያለ ሞተር የሚሰጠው ቁጥር ምንን እንደሚያመለክት አለመታወቁ ነው። በዚህ ረገድ የደጋው ብርድ ለባለሙያው አጋዥ ነው። ሞተሩ ማታ ቀርቦ ቢያድር፣ ጠዋት ከመነሣቱ በፊት የሚገኘው ልኬት ከሁሉ የታመነ ነው።

አሠራሩ

ቴስታታው ከመከፈቱ በፊት ዙሪያው በጨርቅና በብሩሽ መጽዳት አለበት፤ የዋልካ አቧራ በታፔት ክዳን በኩል ከገባ መንገዱ በቀጥታ ወደ ካምሻፍቱ ነው። ከዚያ ካንዴላው ይነቀላል፤ ይህ ሞተሩን በእጅ ለማዞር ያቀላል። የሁለቱ ታፔቶች ክዳኖችና በቮላኖው በኩል ያሉት ሁለት መመልከቻ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ነጥብ የፒስተኑን ትክክለኛ ቦታ ማግኘት ላይ ነው። ቮላኖው ላይ «ቲ» የሚለው ምልክት ከመመልከቻው ጭረት ጋር ሲገጥም ፒስተኑ ከላይ ደርሷል። ነገር ግን ፒስተኑ በአንድ ሙሉ ሥራ ሁለት ጊዜ ላይኛው ጫፍ ይደርሳል፤ አንድ ጊዜ በመጭመቅ መጨረሻ፣ ሌላ ጊዜ በማስወጣት መጨረሻ። በሁለተኛው ቦታ ሁለቱም ቫልቮች በጥቂቱ ክፍት ስለሆኑ እዚያ የተስተካከለ ክፍተት ፈጽሞ የተሳሳተ ይሆናል። ስለዚህ ሞተሩ ወደ መደበኛ መዞሪያው አቅጣጫ ቀስ ተብሎ ሲዞር አስገቢው ቫልቭ ወርዶ ሲመለስ ማየት፣ ከዚያም ቀጥሎ የሚመጣውን የ«ቲ» ምልክት መያዝ ያስፈልጋል። ሁለቱም ሮከሮች በጣት ሲነኩ ጥቂት ሊወዛወዙ ይገባል። አንዱ ካልተወዛወዘ ወይ ቦታው ተሳስቷል፣ ወይ ቫልቩ ከወዲሁ ጠቧል፤ አንድ ሙሉ ዙር አዙሮ እንደገና ማየት ጥርጣሬውን ይፈታል። ቮላኖው ላይ ያለው ሌላኛው ምልክት «ኤፍ» የማቀጣጠያው ጊዜ ምልክት ነውና ከ«ቲ» ጋር መምታታት የለበትም።

ፊለር ጌጁ በብሎኑና በዘንጉ መካከል ሲገባ ቀለል ያለ መያዝ ሊሰማ ይገባል፤ ወረቀት ከተከደነ መጽሐፍ ውስጥ እንደ መሳብ ያለ ነው። ማጥበቂያው ዳዶ ይላላል፣ ብሎኑ በትንሹ ይዞራል። እዚህ ላይ የእጅ ግምት ይፈተናል። የጥርሱ ርቀት ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎን በአንድ ሙሉ ዙር 0.5 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ 0.05 ሚሊ ሜትር ማለት እንግዲህ የዙሩ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ብሎኑ ባለበት ተይዞ ዳዶው ይጠብቃል፤ ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን አብሮ ስለሚጎትተው ልኬቱ ከጠበቀ በኋላ መደገም አለበት። ሞተሩን ሁለት ዙር አዙሮ ለሦስተኛ ጊዜ መለካት ትርፍ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም የሚወስደው ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

አንድ ማሳሰቢያ ለአሮጌ ሞተሮች። የብሎኑ ጫፍ ወይም የዘንጉ ራስ ጎድጉዶ ከሆነ ጠፍጣፋው ፊለር ጌጅ በጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ያርፋል፤ እውነተኛው ክፍተት ጌጁ ከሚለው ይበልጣል፣ ኳኳታውም ልኬቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ይቀጥላል። ባለሙያው ድምፁን ለማጥፋት ሲል ከልኬቱ በታች ቢያጠብ ችግሩን ወደ ቫልቩ ያዛውረዋል። መፍትሔው ብሎኑን መለወጥ ነው። ፊለር ጌጅ በሌለበት ጊዜ የጢም ምላጭ ስለመጠቀምም ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። የተለመደው ባለ ሁለት ስለት ምላጭ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በ0.05 ለሚስተካከል አስገቢ ቫልቭ ይሰፋል፤ ይህ ትክክለኛ አሠራር ባይሆንም በጆሮ ከማጥበብ ይሻላል፤ የሚያስከትለው ጥፋት ኳኳታ እንጂ ቃጠሎ አይደለምና።

ከመንካት በፊት መጻፍ

በጥገና ልማድ የሚጠፋው ትልቁ መረጃ ብሎኑ ከመዞሩ በፊት የነበረው ክፍተት ነው። ባለሙያው ዳዶውን ፈትቶ ወደ ትክክለኛው ቁጥር ያመጣል፤ ቫልቩ የት ቦታ እንደ ነበረ ግን አይጻፍም። ቀዳሚው ልኬት ከሞተሩ የኪሎ ሜትር ቁጥርና ከቀኑ ጋር በአንድ ደብተር ቢሰፍር፣ በሦስትና በአራት ጥገና ውስጥ የሞተሩ ጠባይ ይገለጣል። ክፍተቱ በየጊዜው በጥቂቱ የሚሰፋ ከሆነ የሚበላው ከላይ ነው፤ ዘይቱን በጊዜው መለወጥ ይበቃል። አስወጪው በእያንዳንዱ ጊዜ ጠብቦ የሚገኝ፣ በተለይም በእኩል ርቀት የሚጠበው መጠን እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ግን ቫልቩ ወደ መቀመጫው እየሰመጠ ነው፤ ብሎኑን ማላላት ጊዜ ከመግዛት አያልፍም። የመሥሪያ ቤት ሞተር ብስክሌት ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው ስለሚተላለፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ደብተሩ ከሁሉ ይልቅ ያስፈልጋል፤ ጠዋት ጠዋት ስንት ጊዜ ተረግጦ እንደሚነሣ የሚያስታውስ አንድ ነጂ የለውምና።

እዚህ ደረጃ የደረሰ ሞተር ቴስታታው መውረድ አለበት። መለዋወጫው ከባሕር ዳር የሚመጣ ከሆነ ከሞጣ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና፣ አስቀድሞ ማወቁ ሞተሩ በክረምት መካከል በመንገድ ላይ ከመቆሙ በፊት ጓርኒሲዮኑንና ቫልቩን ለማስመጣት ጊዜ ይሰጣል። ቴስታታው ከወረደ በኋላ ቫልቮቹ በመፍጫ ቅባት ከመቀመጫቸው ጋር ተስማምተው ሲገጠሙ፣ ማስማማቱ መሳካቱን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቴስታታው ይገለበጣል፣ በአስወጪው ቀዳዳ ጥቂት ቤንዚን ይጨመራል፣ በቫልቩ ራስ ዙሪያ እርጥበት መውጣት አለመውጣቱ ለጥቂት ደቂቃ ይታያል። ቤንዚኑ ከራሰ ፍጨቱ ይደገማል፤ የቫልቩ ጠርዝ እንደ ቢላ ከሳሳ ወይም ተቆርጦ ከተገኘ ግን ማስማማቱ ዋጋ ስለሌለው በአዲስ ይተካል። ከተገጠመ በኋላም አዲሱ ቫልቭ በመጀመሪያዎቹ መቶዎች ኪሎ ሜትር መቀመጫውን ስለሚያመቻች ክፍተቱ በፍጥነት ይለወጣል፤ የመጀመሪያው ልኬት በ500 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ሞተሩ በጋራዡ አድሮ፣ ጠዋት ከመነሣቱ በፊት ይወሰዳል።